ጋሽ ኤጭና አርባ ስምንቱ

ሰውዬው ስም አለው፤ መታወቂያው ላይ ከነአያቱ ተጽፎለታል። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን በዚያ ስም የሚጠራው የለም። ከበሩ ዘበኛ ጀምሮ እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ ጋሽ ኤጭ ነው የሚሉት። ፊት ለፊት ሲሆን "ጋሼ" ይሉና ዞር ሲል "ኤጭ መጣ፣ ኤጭ ሄደ" ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። ለምን እንደወጣለት ለማወቅ ግን አብሮት አምስት ደቂቃ መቆየት ይበቃል። ኪቦርድ ገልብጦ ሲያራግፍ የዳቦ ፍርፋሪ ሲዘንብ "ኤጭ!" ይላል። የነርሶቹን ስክሪን ነክቶ ጣቱ ሲጣበቅ "ኤጭ!" ይላል። ጠረጴዛ ሥር የተለጠፈ ማስቲካ እጁ ላይ የቀረ ቀንማ ምሳውን ሳይበላ ነው የዋለው።

የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ሁሉ በእሱ እጅ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። ከኪሱ ጥጥና አልኮል አይጠፋም። ሰው ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ እሱ ክርኑን ነው የሚያቀብለው። ሚስት ያላገባውም ለዚሁ ነው ይላሉ። አንዴ ሊያገባት የነበረች ሴት የራሷን ሻይ ቀመስ አድርጋ "ስኳሩ በቃው? እስቲ ቅመሰው" ብላ ብታቀብለው፣ ያን ቀን እንደወጣ የቀረ ነው አሉ። እሱን ብትጠይቁት አይክድም። "ከንፈሯ ላይ የነበረው ቀለም ብርጭቆው ላይ ቀረ" ይላችኋል፤ ይህን ያህል ዓመት አልፎ እንኳ ፊቱን አጨማዶ።

እንዲህ ላለው ሰው ደግሞ የሰጡትን ክፍል ባያችሁ! ድሮ የአንሶላ ማጠቢያ ነበር። ግድግዳው አሁንም ያልበዋል፤ ወለሉ መሀል የፍሳሽ ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ በረሮ ይወጣል፤ በረሮው ባይወጣ ሽታው ይወጣል። በዚያ ላይ ሆስፒታሉ የማይፈልገውን ሁሉ እዚያ ይጥላል። የተሰበረ ክራንች እዚያ፤ ጎማው የወለቀ ዊልቸር እዚያ፤ ማን እንደጠጣበት የማይታወቅ የሻይ ብርጭቆ እዚያ። አንዱን ብርጭቆ አንስቶ ቢያየው አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል። "ይኼንንስ ማጠብ አይደለም፣ መላጨት ነው!" ብሎ በሁለት ጣቱ ይዞ ወርውሮታል። ሰርቨሩ፣ ማለትም የላቦራቶሪውን ውጤት ተቀብሎ በየዋርዱ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ትልቁ ኮምፒውተር፣ የሚኖረው በዚህ ክፍል ነው።

ይኸው ሰርቨር ከስምንት ወር ወዲህ አመል አወጣ። ጠዋት ደህና ይነሳል። ሦስት ሰዓት ሲሆን መጎተት ይጀምራል። አራት ሰዓት ላይ ጭራሽ ድርቅ ይላል፤ ቢጠሩት አይሰማ፣ ቢነኩት አይነቃነቅ። መጀመሪያ ድርቅ ባለ ቀን ጋሽ ኤጭ ፊቱን አጨማዶ አየውና "ለጊዜው ስድስት ሰዓት ላይ አጥፍቼ አበራዋለሁ" አለ። ለምን ስድስት ሰዓት? የላቦራቶሪው የደም መመርመሪያ ማሽኖች ከሰርቨሩ ጋር የተገናኙ ናቸው። ደም ገብቶባቸው እያለ ሰርቨሩ ከጠፋ የገባው ደም ሁሉ ይበላሽና በሽተኛው እንደገና ይወጋል። ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ያርፋሉ፤ ያኔ ቢጠፋ የሚጎዳ የለም። ማታ ከሥራ ሲወጣም አንዴ ያጠፋና ያበራዋል።

"ለጊዜው" የተባለው ነገር እንግዲህ ስር ሰደደ። ድፍን ሆስፒታሉ ምሳ የሚወጣው በሰርቨሩ መጥፋት ሆነ። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ሳቂታ ሴት ናት፤ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ አንገቷን ብቅ አድርጋ "ጋሼ፣ አጠፉት እንዴ?" ትላለች። "አጠፋሁት" ካላት ጋዋኗን አውልቃ ወደ ምሳ። ሲበራ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ተከማችቶ የነበረው ውጤት በአንዴ ወደየዋርዱ ይጎርፋል። አደገኛ የሆነ ውጤት ከተገኘ ላቦራቶሪው በስልክ ስለሚናገር ስድስት ሰዓት ድረስ ተኝቶ የሚጠብቀው የደህናዎቹ ነው። በዚህ ማንም አልተማረረም። ተማርሮ ከሆነም ጋሽ ኤጭ ጆሮ አልደረሰም።

እንዲህ እያለ ታላቅ እህቱ ታመመች።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። አጥባ፣ አልብሳ፣ ጥፍሩን ቆርጣ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ንጽሕናንም ያስለመደችው እሷ። ያላስለመደችው ያንን ቃል ብቻ ነው። ገና ልጅ ሳለ የሰው ቤት ምግብ አይቶ "ኤጭ" ሲል ጆሮውን ትቆነጥጠው ነበር። "ይህን ቃል ከአፍህ አውጣ! ሰው ይሰማል፣ ሰው ይከፋዋል" ትለው ነበር። እሷ ራሷ ብሏት አታውቅም። እሱ እስከ ዛሬ "እቴቴ" ነው የሚላት።

ኩላሊቷ ታመመና እዚሁ ሆስፒታል ተኛች። የዋርዱ ዶክተር ቀልድ የማታውቅ ቀጭን ሴት ናት። አልጋዋ ሥር ቆማ ነገሩን በግልጽ ነገረቻት።

"እትዬ፣ ችግሩ ደምዎ ውስጥ ያለው ጨው ነው። ከበዛ ልብ ያቆማል። እኔ አምስት ሰዓት ላይ ስዞር የዕለቱ ውጤት ስክሪኑ ላይ መኖር አለበት። ሁለት ቀን በተከታታይ ደህና ከሆነ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። አንዱ ቀን ከጎደለ ግን እንደገና ከአንድ እንጀምራለን።"

አምስት ሰዓት ዞራ ስትጨርስ ወደ ቀዶ ጥገናው ሕንፃ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ በሽተኛ የሚያሰናብት የለም። የእህቲቱ ደም ጠዋት አንድ ሰዓት ይቀዳል፤ ምርመራው አራት ሰዓት ያልቃል፤ አራት ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ድርቅ ይላል። ዶክተሯ መጥታ ስክሪኑን አይታ "አልደረሰም" ብላ ጽፋ ትሄዳለች። ውጤቱ ስድስት ሰዓት ላይ "ደህና ነው" ብሎ ዱብ ይላል። ቅዳሜ እንዲህ ሆነ፤ እሑድ እንዲህ ሆነ፤ ሰኞ እንዲህ ሆነ።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ኤጭ ውጤቱን በወረቀት አሳትሞ ዶክተሯን ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

"ዶክተር፣ ይኸው የእህቴ ውጤት። ደህና ነው።"

ዶክተሯ እጇን እንኳ አልዘረጋችም። "በወረቀት የመጣ ውጤት አይሠራበትም" አለች።

"እሱማ ደንቡ ነው፤ ግን..."

"ደንቡን ያስወጡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"

እውነቷን ነው። ከዓመታት በፊት የሁለት ሰው ወረቀት ተለዋውጦ ጉድ ሆኖ ነበር። ያኔ ስብሰባ ላይ ተነስቶ "የተጨማለቀ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበላችሁ! በስክሪን ካልመጣ ማንም አይቀበል!" ብሎ ያስወሰነው እሱ ነው። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ማክሰኞ ሊጠይቃት ሲገባ እህቱ አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ምንም ሳትነካ ተቀምጣለች። እሷም የእሱው እህት ናት፤ ብቻ አፏን ትጠብቃለች።

"እቴቴ፣ እንዴት አደርሽ?"

"አደርኩ እንዴ? ፍራሹ የስንት ሰው ላብ ጠጥቷል መሰለህ። ሽንት ቤቱን አትጠይቀኝ። የሰጡኝ ማንኪያ ላይ የደረቀ ሾርባ አለ፤ የእኔ ሾርባ እንዳይመስልህ፤ እኔ ገና አልበላሁም።"

"ኤ..." ብሎ ጀመረና ዓይኗን አይቶ ዋጠው።

"ስማኝ" አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እስከ ዓርብ ነው የምታገሠው። ዓርብ ካልፈቱኝ በራሴ ፈርሜ እወጣለሁ።"

"እቴቴ! ጨውሽ ቤት ሆነሽ ቢነሳስ? ልብሽ ቢያቆምስ?"

"ቢያቆም በንጹሕ አንሶላዬ ላይ ይቁም!"

ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ያቺ ሴት ያለችውን የምታደርግ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ያውቃታል።

ከእሷ ቀጥሎ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል። ዋርዱ ሁሉ የመስኮቷ እናት ይላቸዋል። ጠያቂ የላቸውም። ጠዋት ጠዋት ጓዛቸውን በአሮጌ ፌስታል ይሸክፋሉ፤ ነጠላ ጫማቸውን፣ ፎጣቸውን፣ የተረፈ ብርቱካናቸውን ከነልጣጩ፤ ከዚያም እግራቸውን አንጠልጥለው ዶክተሯን ይጠብቃሉ። ዶክተሯ ስትወጣ አንድ በአንድ መልሰው ይፈቱታል። ያን ቀንም ሲፈቱ ጋሽ ኤጭ አያቸው። የብርቱካኑ ውሃ በፌስታሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጣታቸው ይጣበቃል። ወንበሩን ይዞ ራቅ አለ።

ከዋርዱ ሲወጣ ነገሩን አሰላው። ፈርማ እንዳትወጣ ሁለት ጥሩ ቀን ያስፈልጋታል። ረቡዕና ሐሙስ ከሆነ መልካም፤ ሐሙስና ዓርብ ከሆነም እሰየው። ከዚያ ወዲያ ቀን የለም።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ጥርሱን ነክሶ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠ። ወንበሩን በአልኮል ጠርጎ፣ በላዩ ጋዜጣ አንጥፎ ነው የተቀመጠው። በውስጥ እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አዘዘ። ሰርቨሩ አቃስቶ አቃስቶ ዝርዝሩን አወጣ። ጋሽ ኤጭ ዓይኑን ማመን አቃተው። አንድ ስም፣ ያው ስም፣ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ቆጠረው፤ አርባ ስምንት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ላይ በሰዓት የታዘዘ አንድ ሥራ አለ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው ይነሳና የሠንጠረዥ ፕሮግራሙን ከመጋረጃ ጀርባ፣ ሰው ሳያይ ይቀሰቅሰዋል። ፕሮግራሙ አዲስ የመጡትን ውጤቶች ቅጹ ላይ ይሞላል፣ ወደየዋርዱ ይልካል፣ ከዚያ መዘጋት አለበት። አልተዘጋም። በየአምስት ደቂቃው የተቀሰቀሰው ሁሉ ሥራውን ጨርሶ፣ ሳይወጣ፣ እዚያው ተጎልቷል። መስኮት የለው፣ ድምፅ የለው፤ ዝም ብሎ የኮምፒውተሩን ሚሞሪ ይበላል። አራት ሰዓት ላይ የሚበላው ሲያልቅ ሰርቨሩ ይደርቃል።

እርጥብ ምንጣፍ ገልጦ በረሮ ያየ ያህል ዘገነነው። "ኤጭ! ኤጭ! ኤጭ!" አለ ብቻውን። ከዚያ ነገር ዓለሙን ትቶ፣ ሳይመርጥ ሳይለይ፣ አርባ ስምንቱንም ይዞ በአንድ ጊዜ አጠፋቸው። ሰርቨሩ እፎይ አለ። ጋሽ ኤጭም እጁን በጥጥ ጠርጎ ወደ ኋላ ተለጠጠ። "የት አባታችሁ!" አለ።

ከአርባ ስምንቱ ግን አንዱ ሬሳ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ በሕይወት ያለ፣ የእህቱን ዋርድ ውጤት ከፍቶ እየሞላ ያለ ነበር። መሀል ሥራው ላይ ሲመታ ፋይሉን እንደያዘ ሞተ። በአምስት ደቂቃው የመጣው ቀጣዩ ሥራ ፋይሉን ልክፈት ቢል "በሌላ ተይዟል" ተባለና ተመለሰ። ቀጥሎ የመጣውም ተመለሰ። ያን ቀን ሌላው ዋርድ ሁሉ ውጤቱን በጊዜ ሲያገኝ፣ አንዲት ቁራጭ ያልደረሳት የእህቱ ዋርድ ብቻ ሆነች። ዶክተሯ "አልደረሰም" ብላ ጽፋ ሄደች። የመስኮቷ እናት ፌስታላቸውን ፈቱ።

የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ክፍሉ ድረስ መጣች። ሁልጊዜ ሳቂታዋ ሴት ዛሬ አልሳቀችም።

"ጋሼ፣ ምን ነክቶዎት ነው? ያው እንደለመዱት አጥፍተው ቢያበሩት አይሻልም ነበር?"

"ስድስት ሰዓት እንዲደርስ ነው? እህቴን እኮ አምስት ሰዓት ላይ ነው የሚያዩዋት!"

"እሱስ ልክ ነው" አለች። ልትወጣ ዞር ብላ ተመለሰችና "ሌሎቹስ መቼ ነው የሚታዩት?" አለች። ነገር ልትፈልግ አይደለም፤ እውነትም ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰበችው። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሐሙስና ዓርብ ብቻ ቀርተውታል፤ አንዱ ቢጎድል አለቀ።

ያን ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ እንደልማዱ አጥፍቶ ሲያበራው የተያዘው ፋይል ተለቀቀ፤ ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቶ እንደገና ተቀመጠ። አሁን ማጥፋቱን ተወውና "ለምን አይወጡም?" ብሎ ጠየቀ። በስምንት ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው። ሥራው የሚሠራው ሰው በማያይበት በኩል ስለሆነ እዚያ የሚሆነውን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ትእዛዙን ቀየረና "ከመጋረጃ ጀርባ አትሥራ፤ እኔ ፊት፣ ስክሪኑ ላይ ሥራ" አለው። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ጉድጓዱ ይሸታል። አንድ በረሮ ከክራንቹ ሥር ወጥቶ ጢሙን አወዛወዘበት፤ ሊነሳበት ፈልጎ ሰዓቱ እንዳያመልጠው ተወው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ፕሮግራሙ ፊቱ ላይ ተከፈተ። ቅጹ ወጣ። ስሞች ገቡ፣ ቁጥሮች ገቡ። ተላከ። መዘጋት ጀመረ። ይኼኔ መሀል ስክሪኑ ላይ ትንሽዬ ሣጥን ብቅ አለች።

"ፋይሉ ላይ ለውጥ አለ። ይቀመጥ?"

ከሥሯ አዎ፣ አይ፣ ተወው የሚሉ ሦስት ቁልፎች። ጋሽ ኤጭ ገና አንብቦ ሳይጨርስ እጁ በራሱ ሄዶ "አዎ"ን ተጫነ። ሣጥኗ ጠፋች። ፕሮግራሙ ተዘጋ። ዝርዝሩ ውስጥ ቢፈልገው የለም፤ ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል።

ክው አለ። ያስደነገጠው ሣጥኗ ሳትሆን እጁ ነበር። እጁ መንገዱን ያውቀዋል።

ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለው። ከስምንት ወር በፊት ዳይሬክተሩ "ማንኛውም ውጤት የወጣበት ቀንና ሰዓት ግንባሩ ላይ ይጻፍ" ብለው አዘዙ። ጋሽ ኤጭም ቅጹ ላይ ሰዓቱን በራሷ የምታነብ ቦታ አስገባ። የግማሽ ደቂቃ ሥራ። ሰዓት ደግሞ አይቆምም፤ ቅጹ በተከፈተ ቁጥር እዚያች ቦታ ላይ ያለው ይቀየራል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ሰው አንድ ነገር የለወጠ ይመስለውና "ይቀመጥ?" ብሎ ይጠይቃል። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ ሞክሮታል። ሦስት ጊዜም ሣጥኗ መጥታለች። ሦስት ጊዜም ዝንብ እሽ እንደሚል ሰው ሳያነባት "አዎ" ብሎ አለፋት። "ይሠራል" ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ላከው። እዚያ ግን "አዎ" የሚል ሰው የለም። እያንዳንዱ ተቀስቅሶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ጥያቄውን ጠይቆ መልስ ሲጠብቅ ይውላል። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ጋሽ ኤጭ መጥቶ ሁሉንም ያጠፋቸዋል።

"የእኔ ነው" አለ ጮክ ብሎ። ክፍሉ ውስጥ ከበረሮው በቀር የሰማው የለም።

የቅጹን ታሪክ ከፍቶ አየ። የመጨረሻ ለውጥ የተደረገበት ቀን አለ፤ ከቀኑ አጠገብ የለወጠው ሰው ስም አለ። ያ ማንም የማይጠራበት ስሙ። ኪሱ ውስጥ ገብቶ ጥጡን አወጣና ያቺን "አዎ" የምትለዋን ጣት በአልኮል ጠረጋት። ደግሞ ጠረጋት። እስክትቀላ ድረስ ጠረጋት።

መፍትሔውን ልንገራችሁ፤ ታፍራላችሁ። ፕሮግራሙን "ስትዘጋ አትጠይቅ" ማለት አንድ መስመር ነው። "መሀል ላይ ብትሳሳት እንኳ ሳትዘጋ አትሂድ" ማለት ሦስት መስመር ነው። በሰዓት ለታዘዘው ሥራ ደግሞ "ከሦስት ደቂቃ በላይ የቆየ ካለ እሱን ብቻ ለይተህ አስወጣ" ማለት አንድ ምልክት ነው። ሁሉም ተደምሮ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጽፎ ሲጨርስ እንደገና ፊቱ አሠርቶ አየው፤ አምስቴ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ጀርባ መለሰውና አሁንም ከዝርዝሩ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል አምስቴ ጠበቀው። ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይሄዳል። ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይሄዳል። ነገር ግን ደስ ሊለው ሲጠብቅ ደስ አላለውም። እጅ እጅ አለው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የእህቱ ውጤት ዋርዱ ስክሪን ላይ ነበር። ዶክተሯ መጣች፣ አነበበች፣ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። "ደህና ነው። ነገ ከተደገመ ይሄዳሉ" አለች። እህቱ ከአልጋዋ ጫፍ ሆና ወንድሟን በኩራት ጠቀሰችው። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ የላቦራቶሪዋ ኃላፊ አንገቷን ብቅ አደረገች።

"ጋሼ፣ አጠፉት እንዴ?"

"አላጠፋሁም። ከእንግዲህ አይጠፋም።"

"ውይ! ታዲያ ምሳ መቼ ልንወጣ ነው?"

በሳቅ ፍርስ አለች። እሱ ግን ጥርሱን እንኳ አላሳያትም።

ዓርብ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎት ዋርዱ በር ላይ ተገትሯል። አራት ሰዓት ሆነ። ከአምስት፣ ከአሥር። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የእህቱ ስም ወጣ፤ ጨው፣ ደህና። ከሥሯ ሌላ ስም ወጣ፣ ደህና። ሌላም፣ ደህና። ሌላም። ዶክተሯ አምስት ሰዓት ላይ መጥታ መፈረም ጀመረች። እየፈረመች አልጋ ለአልጋ ሄደች። የዋርዱ ሲስተር ከኋላዋ ካርዶቹን ታቅፋ ትከተላለች።

"ወይ ጉድ!" አለች ሲስተሯ። "ዘጠኝ ሰው በአንድ ቀን? እኔ እዚህ ዋርድ ስሠራ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። በቀን አንድ ብናሰናብት ነው፤ እሱም የቀናው።"

"አልጋ ያልነበረን በሽተኛ በዝቶ አልነበረማ" አለች ዶክተሯ ቀና ሳትል።

የመስኮቷ እናት ፌስታላቸውን ይዘው ተነሱ። ዛሬ አልፈቱትም። ጋሽ ኤጭን በሩ ላይ ሲያገኙት እጁን፣ ለማንም የማይሰጠውን እጁን፣ በሁለት እጃቸው ለቀም አደረጉት። በብርቱካን የተጨማለቀ እጅ ነው።

"አንተ ነህ አሉ ያን የውጤት መኪና ያዳንከው። ከዓይን ያውጣህ! ሃያ አንድ ቀን እኮ ነው የተኛሁት፣ ልጄ። ሴት ልጄ የበኩር ልጇን ስትወልድ እዚህ ነኝ። 'እናቴ፣ ከአጠገቤ አትለዪኝ' ብላኝ ነበር። ብቻዋን ወለደች። ሲስተሯን ስጠይቃት 'እማማ፣ እርስዎ እኮ ከዳኑ ቆይተዋል፤ ውጤቱ አልደርስ ብሎ ነው' ትለኛለች። ምን ታድርግ፣ መኪና ነው፤ መኪና አይለመን። እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ፤ እጅህ ይባረክ።"

እጁን ሊስብ ፈለገ፤ አልቻለም። አሮጊቷ ያቺኑ ጣት ጨብጠው ይመርቃሉ። እስኪበቃቸው መረቁትና ፌስታላቸውን አንጠልጥለው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ሄዱ።

እህቱ ልብሷን ቀይራ፣ ጸጉሯን ሸብ አድርጋ ከኋላው ቆማ ኖሯል። ሁሉንም ሰምታለች። ቦርሳዋን ተቀብሏት ኮሪደሩን አብረው ወረዱ። ደረጃው ጋ ቆመች።

"ያ ኮምፒውተርህ ስንት ጊዜው ነው ከታመመ?"

"ስምንት ወር።"

"ስምንት ወር ሙሉ ምን ትሠራ ነበር?"

"አጠፋና አበራ ነበር።"

"በሽታው ምን ኖሯል?"

የክፍሉን ሽታ ሊነግራት ይችል ነበር። የዳይሬክተሩን ትእዛዝ ሊነግራት ይችል ነበር። ያሳደገችው ሴት ዓይን ውስጥ ሲያይ ግን ሁሉም ከአፉ ጠፋ።

"እኔ ነኝ" አላት። "እኔ የሠራሁት ነው። ሳላነበው አልፌው።"

እህቱ ወደ ኋላ ዞራ የዋርዱን በር አየች። ያሳለፈቻቸውን ቀናት ትቁጠር፣ የሌሎቹን ትቁጠር አይታወቅም። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

"እኔ ባልተኛ ኖሮስ?"

ቦርሳዋን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"አሁንም አጠፋና አበራ ነበር፣ እቴቴ።"

ሴትዮዋ ከጫማው እስከ ጸጉሩ አየችው። በብርቱካን ውሃ የተጣበቀችውን እጁንም አየቻት።

"ኤጭ!" አለችው።

ቦርሳዋን ከእጁ ነጥቃ ደረጃውን ብቻዋን ወረደች።